ስልክ አላነሳችም ስለተባለችው ባለቤቴ

ለከተማችን የመድኃኒት ጉዳት አቤቱታ መርማሪ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። የምጠይቀውም ለወጉ ያህል አይደለም። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሕመም እንዳያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ መድኃኒቱ ቢጎዳዎ አቤት የሚሉት ወደ ራስዎ ጽሕፈት ቤት ነውና፣ ይህን ደግሞ ለማንም አልመኝም።

እኔ ሱሌማን እባላለሁ፤ እዚሁ አዳማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ሻሼ ወለንጪቲ ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ለአንዱ በኦሮምኛ ዋጋ እየነገረች፣ ለሌላው በአማርኛ እየተከራከረች፣ ከጀርባዋ ለሚያንሾካሹኩት ሳይቀር መልስ የምትሰጥ ሴት ነበረች። አምና ኩላሊቷን አሟት አንድ የግል ክሊኒክ ተኛች፤ መርፌም ታዘዘላት። መርፌውን በጀመረች በጥቂት ቀናት ውስጥ ጆሮዋ እንደሚጮህባት ቀመሪያ ለምትባለው ነርስ ነገረቻት። ቀመሪያ ለሐኪሙ አስተላለፈች፤ ሐኪሙ ግን የተጀመረ መድኃኒት አይቋረጥም አሉ። አልተቋረጠም። ኩላሊቷም ዳነ። ቤት ከገባን በኋላ አንድ ማለዳ ከመኝታዋ ተነሥታ፣ ለምን ዝም እንዳልኳት ጠየቀችኝ። እኔ እያወራኋት ነበር።

ጆሮዋ እንደማይመለስ በሌላ ሆስፒታል ሲነገረን ወደ እርስዎ መጣን። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ማመልከቻችንን በፈገግታ ስለተቀበላችሁልን አመሰግናለሁ። በማመልከቻው የመጀመሪያ መስመር ላይ አመልካቿ መስማት እንደተሳናት ጽፌ ነበር። ከወራት በኋላ የደረሰን ደብዳቤ ግን፣ አመልካቿ በተደጋጋሚ ስልክ ተደውሎላቸው ለማንሳት ፈቃደኛ ባለመሆናቸው መዝገቡ መዘጋቱን በአክብሮት ገለጸልን። ችግሩ የፈቃደኝነት ማነስ መሆኑን ስላሳወቃችሁን ባለውለታችሁ ነን፤ እኛ እስከዚያ ድረስ የጆሮ ጉዳት ይመስለን ነበር።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ ይከፈትልን ብዬ ስመለስ፣ ጉዳዩን የያዙት ባለሙያ ወንበር ስበው አስቀምጠውኝ፣ መስማት መሳን ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው የማብራሪያ ወረቀት ላይ የተጻፈ የታወቀ ጉዳት ስለሆነ እንደ አዲስ አቤቱታ ሊቀርብ እንደማይችል በትዕግሥት አስረድተውኛል። ማብራሪያው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያለው ካርቶኑ ውስጥ ነው፤ ካርቶኑ ያለው ክሊኒኩ መድኃኒት ክፍል ነው፤ ሻሼ ደግሞ የነበረችው አልጋ ላይ ነው። ተነሥታ ሄዳ አለማንበቧ የእርሷ ጥፋት መሆኑን እኔ እስከዚያ ቀን አላስተዋልኩትም።

ሦስተኛ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ይሁን እንጂ ከዚህ በኋላ ያለውን የሠሩት ሌሎች ስለሆኑ ከምስጋናዎ ላይ ቀንሼዋለሁ።

ነጻ የሕግ ድጋፍ የምትሰጥ ሉሊት የምትባል ጠበቃ አገኘን። ሉሊት ሻሼን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ፣ ጥያቄዋን በወረቀት እየጻፈች፣ መልሱን ሳትቸኩል እየጠበቀች አነጋገረቻት። ስለ ጉዳቷ ሻሼን ራሷን የጠየቀቻት የመጀመሪያዋ ሰው እርሷ ነበረች፤ ባለቤቴ ከዚያ ክፍል ስትወጣ አለቀሰች። በክሊኒኩ ላይ ክስ ለመመሥረት የጎደለን ምስክር ነበር። ያነጋገርናቸው ሐኪሞች ሁሉ አዝነውልናል፤ የአንዳቸውም ሐዘን ግን እስከ ፍርድ ቤት አልዘለቀም። የቀረችን ቀመሪያ ብቻ ነበረች። ቤቷ ሄደን ስንለምናት፣ ልጆቿን ብቻዋን እንደምታሳድግና ከክሊኒኩ ሌላ መተዳደሪያ እንደሌላት ነገረችን፤ እንዳንጠብቃትም ለመነችን። አልፈረድንባትም።

በቀጠሮው ቀን ግን መጣች። የክሊኒኩ ጠበቃ በሽተኛዋ በርግጥ ተናግራ እንደነበር ደጋግሞ ሲጠይቃት፣ ቀመሪያ ወደ ሻሼ ዞራ፣ ከንፈሯን ማንበብ እንድትችል ቀስ ብላ ተናገረች።

«ጆሮዬ ይጮኻል ብላኛለች። ለሐኪሙ ነገርኩ፤ ውጊ ተባልኩ። ወጋኋት።»

ፍርድ ቤቱ መርፌው መቆም እንደነበረበት ወስኖ ክሊኒኩ እንዲክስ አዘዘ። ብዙም ሳይቆይ የቀመሪያ የሥራ ውል ሳይታደስ ቀረ። አሁን ሁሩታ ከተማ ትሠራለች፤ ልጆቿ እዚህ እናቷ ዘንድ ስለቀሩ የምታያቸው ለበዓል ነው።

ክቡር ሆይ፣ ባለፈው ሳምንት የጽሕፈት ቤትዎ ዓመታዊ ሪፖርት በአዳራሽ ሲቀርብ እኔና ሻሼ ተጋብዘን ነበር፤ ለጥሪው አመሰግናለሁ። ጉዳያችን በጽሕፈት ቤቱ ያላሰለሰ ክትትል እልባት ካገኙት አንዱ ሆኖ ተነበበ። ታዳሚው አጨበጨበ። ሻሼም ሰው ሲያጨበጭብ አይታ አብራ አጨበጨበች። ምን እንደተባለ በወረቀት ጻፍኩላት። አንብባ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች፤ እስክንወጣም አላነሳቻቸውም።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ አንዲት ነገር ብቻ ብለምንዎ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ሪፖርቱ ላይ የጽሕፈት ቤትዎ ስም በሰፈረበት ቦታ የቀመሪያ ስም ይግባልን። የእርሷ ሥራ በስምዎ መመዝገቡ ለእርስዎም ትሕትና የሚከብድ ይመስለኛል።

ያልሠሩትን ሥራ በሪፖርት የማሳመር ችሎታዎ እየደነቀኝ፣ ሹመትዎ እንዲጸናና አንድም ባለጉዳይ ደጅዎ ደርሶ ዕረፍትዎን እንዳያውክ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ሱሌማን፣ የሻሼ ባለቤት
አዳማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ሻሼ አንብባዋለች። ይህን ያህል ለምን እንዳመሰገንኩዎ ጠየቀችኝ። ምፀት መሆኑን ጻፍኩላት። ምፀት በጆሮ ካልሰሙት እንደማይገባ ነግራኝ፣ ከእርሷ በኩል ያለ ምፀት አንድ ነገር እንድጨምር አዘዘችኝ። እንዳለችው አስቀምጬዋለሁ፦ «የልጄ ልጅ ሲና ዘንድሮ አፏን ፈታች። አያዬ እያለች ትጠራኛለች ይሉኛል።»