መርዶ አይደገምም ያሉት ዋና ተመራማሪያችን አረፉ

ለኢንስቲትዩቱ ሠራተኞች፣ ለሕሙማን ቤተሰቦችና ለሙያ ባልደረቦች በሙሉ፤

የአንጎል ሕመሞች ምርምር ክፍላችን መሥራችና ዋና ተመራማሪ ትናንት ጠዋት በድንገተኛ የልብ ሕመም ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። የኢንስቲትዩቱ ሐዘን ከባድ ነው። የማክሰኞው ክሊኒክ ግን አይዘጋም፤ ሕሙማኑም ገና ከበር ላይ "ዶክተሯ የታሉ?" ማለታቸው አይቀርም። ምን እንደምንመልስ አስቀድመን መስማማት ስላለብን ይህ መግለጫ የሐዘንም የሥራም ነው።

ዋና ተመራማሪያችን ሥራ የጀመሩት በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ነው። ከሟቾች የተወሰደ የአንጎል ናሙና ከወረቀት ይበልጥ አቅጥነው እየቆረጡ፣ በቀለም እየነከሩ፣ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ብዙ ዓመታት ቆዩ። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር አያምኑም ነበርና ቴክኒሻኖቹ "ይደገም" የሚል ስም አወጡላቸው። ሰምተዋል፤ አልተቀየሙም። "ናሙናውን ይድገሙልኝ እንጂ ስሙንማ የፈለጉትን ያውጡልኝ" ይሉ ነበር።

ከላቦራቶሪው ወደ ክሊኒክ የተሻገሩት "የሞተ ነርቭ አይቻለሁ፤ ሲሞት ግን አላየሁም" ብለው ነው። በምድር ቤቱ ኮሪደር ወለል ላይ ቢጫ ፕላስተር አስለጠፉ፤ ሰዎችንም በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ማነጋገር ጀመሩ። ወሬ ሲጀምሩ እግራቸው ከሚቆም ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ የመርሳት ሕመም እንደያዛቸው በክትትል አሳዩ። ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች አንዱ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ "ልሂድ ወይስ ላውራ? ሁለቱን አንድ ላይማ መሪ ስይዝም ተከልክዬ ነበር" ብለው ኮሪደሩን በሳቅ ሞልተውታል። ምርመራው ዛሬ በሌሎች ክሊኒኮችም ይሠራበታል።

ትልቁ ሥራቸው የተወለደው ከራሳቸው መመሪያ ስሕተት ነው። ክሊኒኩ ሲከፈት ለታማሚ እውነቱ ብቻ ይነገር ብለው አዘዙ። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ በመጡ ቁጥር በሕይወት የሌሉትን ባለቤታቸውን ይጠይቃሉ፤ ነርሶቻችንም በመመሪያው መሠረት እጃቸውን ይዘው ያረዷቸዋል። አዛውንቱ በመጡ ቁጥር እንደ አዲስ ያለቅሳሉ። አንድ ቀን ሴት ልጃቸው ቢሮ ገብታ፣ "ዶክተር፣ እኔ እናቴን የቀበርኳት አንዴ ነው። አባቴን ግን እናንተ በየሳምንቱ ታስቀብሩታላችሁ። የማመጣው እኮ እንዲታከም ነበር" አለች።

ዋና ተመራማሪያችን ይቅርታ ጠይቀው ማርዳቱን በዚያው ቀን አስቆሙ። ጉዳዩን ግን በይቅርታ አልዘጉትም። ቀደም ብሎ መርዶ የተነገራቸውን ሕሙማን አረማመድ ከቢጫው መስመር ልኬቶች አውጥተው መረመሩ። ሕሙማኑ የሰሙትን ወዲያው ይረሳሉ፤ እግራቸው ግን ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ከብዶ ይቆያል። ምን እንደሆኑ ሲጠየቁ "እንጃ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ" ይላሉ። ወሬው ጠፍቶ ሐዘኑ እንደሚቀር በዚህ ተረጋገጠ።

ከዚህ የወጣው አሠራር አጭር ነው። የመጀመሪያው መርዶ ለማንም አይከለከልም፤ በቤተሰብ አንደበት ይነገራል፣ ይለቀሳል። ከዚያ ወዲያ አይደገምም። ታማሚው ሟቿን ከጠየቀ "ምን ሊነግሯት ፈልገው ነው?" ይባላል፣ የሚለውም ይደመጣል።

አንድ አንጋፋ ሐኪም በጉባኤ ላይ "ይህማ ውሸትን በጓሮ በር ማስገባት ነው" ብለው ሞግተዋቸው ነበር። የእሳቸው መልስ፣ "ሞታለችም አልልም፣ ትመጣለችም አልልም። ወንበር ስቤ እሰማለሁ። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?" የሚል ነበር። አንጋፋው ሐኪም በቀጣዩ ዓመት ነርሶቻቸውን ለሥልጠና ወደ እኛ ልከዋል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በተደረገው ስብሰባ አሠራሩ ለራሳቸው ለዋና ተመራማሪያችን ይሠራ እንደሆነ ውይይት ተደርጓል። የፋርማሲ ኃላፊያችን፣ "የእሳቸውማ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሞቶ ዝም ይባላል?" ብለዋል። ዋና ነርሷ፣ "ዝም አይባልም፤ አንዴ ይባላል። ለልብስ ሰፊው የከበደ ለሌላው ይቀላል እንዴ?" ስትል መልሳለች። ስብሰባው በዋና ነርሷ ሐሳብ ተስማምቷል።

ስለዚህ ቤተሰቦች ዜናውን ለሕሙማን በቤታቸው አንድ ጊዜ እንዲነግሩ፣ መቅበር የሚፈልግ ታማሚም ከነገው ቀብር እንዳይቀር እንጠይቃለን። ይህ መግለጫና ጥቁር ጥብጣብ የታሰረበት ፎቶግራፍ በሠራተኞች አዳራሽ እንጂ በሕሙማን መጠበቂያ ክፍል አይሰቀሉም። ምርምሩን ከማክሰኞ ጀምሮ ምክትላቸው ይመራሉ። ሥራው በዋና ተመራማሪያችን እጅ የተደላደለ በመሆኑ የሚቋረጥ ክትትል የለም።

እሑድ እንኳ ከላቦራቶሪ በር ቆመው ይጠብቋቸው ለነበሩት መምህር ባለቤታቸው፣ ለሁለት ሴት ልጆቻቸውና ለታላቅ ወንድማቸው፤ ሐዘናችሁ የእኛም ነው፣ ከጎናችሁ ነን። አብረዋቸው ለደከሙ ባልደረቦች ሁሉ ብርታቱን ይስጠን።

በመጨረሻም፣ አሠራሩ ሥራ ላይ መዋሉን እናሳውቃለን። ልጃቸው ትናንት ማታ አርድቷቸው አምርረው ያለቀሱ አንዲት እናት ዛሬ ጠዋት ወደ ቀን መዋያ ክፍላችን ሲገቡ ዶክተሯን ጠይቀዋል። ተረኛዋ ነርስ ወንበር ስባ፣ ምን ሊነግሯቸው እንደፈለጉ ጠይቃለች።

"ባለፈው ሳትሰናበተኝ ሄደች። ተቀይሜያታለሁ" ብለዋል እናት። "ስትመጣ ግን ምንም እንዳልተቀየመ ሰው ነው የማናግራት። አደራ፣ እንዳትነግሪያት።"

ነርሷም "እሺ እማማ፣ አልነግራቸውም" ብላ ቁጭ ብላ አዳምጣቸዋለች።

የኢንስቲትዩቱ ሥራ አመራርና ሠራተኞች