ፈተናውን የሸመደደው ሻጋታ

ጥቅምት 4

የተገረዘው ወይን ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የሻጋታ መድኃኒቱን መርጨት ጀምሬ ሁለት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። በጊዜ ሰሌዳዬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረግኩ። ስድስት ዓመት፣ በየሰባት ቀኑ፣ ያው መድኃኒት፣ አንድም ቀን ሳላዛንፍ። ባለቤቴ ኢንዱ ከማጀት ሆና፣ "ደወሉንስ አይደውሉም? ሻጋታው ክፍል እንዳይረፍድበት!" አለች። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀልዷ በዝቷል...

ጥቅምት 19

ቅጠሉ ላይ ዘይት ጠብ ያለበት የመሰለ ቢጫ ነጠብጣብ። ገለበጥኩት። ከሥሩ ነጭ ሻጋታ፣ እንደ ጥጥ። የት ተሳሳትኩ? ሰሌዳውን ሦስቴ አየሁት። የጎደለ የለም።

ኢንዱ ዛሬ አልቀለደችም። "አምና ግማሹ ረገፈ። ዘንድሮም ከረገፈ ወይኑን አስነቅዬ ሽንኩርት እተክላለሁ።"

መሬቱ የአባቷ ነው። ታደርገዋለች። ወይኑን ግን በጡረታዬ ማግስት በገዛ እጄ የተከልኩት እኔ ነኝ። ከተነቀለ ጠዋት ተነስቼ ወዴት እሄዳለሁ?

ጥቅምት 20

ጎረቤቴ ባብን መጣ። አራተኛ ክፍል ላይ በሒሳብ ሁለቴ የጣልኩት። ዛሬም "ጉሩጂ"፣ መምህሬ፣ ነው የሚለኝ።

"ጉሩጂ፣ የእኔም ወይን ነጠብጣብ አወጣ። በእርስዎ ሰሌዳ እኮ ነው የምረጨው!"

"በየትኛው ሰሌዳ?"

"ወተት መሰብሰቢያው ግድግዳ ላይ የለጠፉት ነዋ! መንደሩ ሁሉ ገልብጦታል። ገልብጠን ሳንገረፍ የቀረነው ያኔ ብቻ ነው።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጥቅምት 23

አንድ ጥርጣሬ አለኝ... የኢንዱ እህት የውሃ ጉድጓድ አጠገብ መድኃኒት ነክቶት የማያውቅ አሮጌ ወይን አለ። ከእሱ ሻጋታ ወሰድኩ፤ ከእኔም ወሰድኩ። ለየብቻ በውሃ በጥብጬ ንጹሕ ቅጠሎች ላይ ጠብ ጠብ አደረግኩ። ግማሹ ቅጠል መድኃኒት የተረጨ፣ ግማሹ ያልተረጨ። ሁሉም በእርጥብ ጨርቅ ላይ፣ በኢንዱ የብረት ሳህኖች። ቁጥር ጻፍኩባቸው።

"አራቱን ወስደው እንግዳ ቢመጣ በምን ላበላ ነው?"

"በአምስተኛው።"

ኅዳር 1

የጉድጓዱ ሻጋታ መድኃኒት ባለበት ሳህን፣ ቁጥር ሦስት ላይ፣ ሞቷል። የእኔው... ለምልሟል! ምንም እንዳልተረጨበት።

ገባኝ። ስድስት ዓመት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት። መልሱ በአጋጣሚ የነበራቸው ጥቂቶች አለፉ፣ ተዋለዱ። የቀሩት አለቁ። መርጬ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ፣ በቀይ እስክሪብቶ።

ለኢንዱ ነገርኳት። "በሠላሳ አራት ዓመት ማስተማር ክፍሉ በሙሉ ሲያልፍልዎ ይሄ የመጀመሪያው ነው" አለችኝ። ቀጠለችና፣ "አባቴ የድሮውን ወይን ኖራና ሰማያዊውን የመዳብ ጨው በጥብጦ ይረጨው ነበር። እርስዎ ግን 'የአሮጊት ቀለም' ብለው ሳቁበት።"

እውነት ነው። ብያለሁ።

ኅዳር 2

የአሮጊት ቀለሙን ረጨሁ። መዳብ ሻጋታውን በአንድ በኩል ብቻ አይመታውም፤ በብዙ በኩል ነው። ለመሸምደድ ያስቸግራል። እጄ፣ ጢሜ፣ ሸሚዜ ሰማያዊ ሆነ። ባብን ከአጥር ማዶ፣ "ጉሩጂ፣ ሰማያዊውን አምላክ ክሪሽናን መሰሉ! ዋሽንቱ ብቻ ነው የቀረዎት!"

ኅዳር 8

ወተት ይዘው በተሰለፉት ፊት ሰሌዳዬን ከግድግዳው ነቀልኩ። "ተሳስቻለሁ" አልኩ። ባብን ከሰልፉ መጨረሻ፣ "ይድገሙት ጉሩጂ፣ ኋላ ያለነው አልሰማንም!"

ደገምኩት።

ኅዳር 9

አዲስ ጥያቄ። መድኃኒት ከሌለስ ማን ይበረታል? ሁለቱን ሻጋታዎች እኩል በእኩል ቀላቅዬ ያልተረጨ ቅጠል ላይ አኖርኩ። በየሳምንቱ ወደ አዲስ ቅጠል አዛውራለሁ። ከድብልቁ ደግሞ በየጠብታው አንድ የሻጋታ ዘር ያህል ብቻ እንዲገባ በውሃ አቅጥኜ ሃያ ጠብታ መድኃኒት ባለበት ቅጠል ላይ፣ ለማነጻጸሪያ።

ኅዳር 16

ከሃያው ጠብታ አሥሩ ሻጋታ አወጡ። እንደ ጠበቅኩት፣ ግማሹ ሸምዳጅ ነው። ወይኑ ላይ አዲስ ነጠብጣብ የለም። ኢንዱ ግን የሽንኩርት ዘር ገዝታለች። መደርደሪያው ላይ አየሁት።

ታኅሣሥ 21

አምስት ጊዜ አዛውሬ ያው ፈተና ሰጠሁ። ከሃያው ጠብታ ሻጋታ ያወጡት ሁለት ብቻ! ሁለቴ ቆጠርኩ። ሸምዳጁ ለካ ጋሻ ተሸክሞ ነው የሚሮጠው። ጦር በሌለበት አገር ጋሻው ሸክም ይሆንበታል፤ ሌላው ይቀድመዋል።

ግን ጥንቃቄ። ይሄ የእኔ ሻጋታ፣ የእኔ ሳህን ነው። ጋሻው የማይከብዳቸውም ይኖራሉ። የቀሩት ሁለቱ ሸምዳጆችም ቢሆኑ አልሞቱም፤ አድፍጠዋል። ያንኑ ጥያቄ ደጋግሜ ብጠይቅ ተመልሰው ክፍሉን ይሞሉታል።

ሳህኖቹን አጥቤ መለስኩ። ጽሑፉ ግን አልለቅ አለ። ለእራት የመጣችው የኢንዱ እህት ማታውኑ "ቁጥር ሦስት፦ የሞተ" የሚለው ላይ ባክሪዋን፣ የማሽላ ቂጣዋን፣ በላች። ማንበብ ባትችል ይሻል ነበር...

የካቲት 5

ዘለላውን ቆረጥን። ሲሶው ገና በጥቅምት ተበላሽቷል። የቀረው ያማረ ነው፤ የናሺክ ከተማ ነጋዴም አላጉረመረመም። ኢንዱ አንድ ዘለላ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ አገላብጣ አየች። አንዷን ፍሬ ቀመሰች።

"ሽንኩርቱስ?" አልኳት።

"ዳር ላይ አንድ መስመር ብቻ እተክላለሁ። እንዳይረሱ።"

ከሰዓት ባብን ደብተር ይዞ መጣ። "ጉሩጂ፣ ከቀጣዩ ግረዛ በኋላ ምን እንርጭ? ይንገሩኝ፣ ልጻፍ።"

"አላውቅም። መጀመሪያ ቅጠሉን እንየው።"

በሠላሳ አራት ዓመት ለተማሪ እንዲህ ብዬ አላውቅም። እስክሪብቶውን ከደብተሩ ላይ አነሳና አተኩሮ አየኝ።

"ጉሩጂ... አመመዎት እንዴ?"