የአራተኛው ቻናል ነፊ በአካል ይቅረብ

ለክቡር አቶ አስማማው
የሐይቅ ዳር በዓል የዜማ ሥራዎች ምዘና ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ የስብሰባ አዳራሽዎን ማራገቢያም ከመብራት መጥፋት ይጠብቅልዎ። እኔ በሹም አቦ ሰፈር፣ ከአንዲት ክፍል ስቱዲዮዬ ውስጥ፣ ቅጽዎን አራት ጊዜ ሞልቼ አራት ጊዜ ከመመለሱ በቀር ደኅና ነኝ።

ስሜ ጥዑመ ልሳን ነው፤ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ማኅሌት ሲቆሙ እኔ ኮምፒውተር ፊት እቀመጣለሁ። ለመጪው ቅዳሜ በዓል ከሐይቁ ማዶ የሚኖሩትን የቁንዝላውን ዋሽንት ነፊ የአያ ቢያዝንን ዜማ መሠረት አድርጌ አንድ ሥራ አዘጋጅቼ ለኮሚቴዎ አቅርቤ ነበር። በምዘናው ያገኘሁት ትምህርት ብዙ ስለሆነ ምስጋናዬን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ንፉግነት መስሎ ታየኝ፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ጻፍሁ።

፩ኛ. ቅጹ የእያንዳንዱን ተጫዋች ሙሉ ስም፣ የቀበሌ መታወቂያና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይጠይቃል። እኔም በኮምፒውተሩ ላይ የሚከፈተው መሣሪያ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ውስጡ ግን ዐሥራ ስድስት ድምፅ መያዝ እንደሚችል፣ ለእያንዳንዱም ድምፅ ቻናል የሚባል ቁጥር እንደሚሰጠው አስረዳሁ። በአንደኛው ቻናል የላክሁትን ቫዮሊኑ ይጫወተዋል፤ በአራተኛው የላክሁትን ዋሽንቱ ይጫወተዋል፤ አንዱ በሌላው ተራ አይገባም፤ ሲወጡም በየራሳቸው መውጫ ስለሚወጡ አንዱን ሳልነካ ሌላውን ከፍ ዝቅ ማድረግ እችላለሁ። ማኅሌት ቆሞ ለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታም በየወገናቸው ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እኔ ከዐሥራ ስድስቱ የተጠቀምሁት ስድስቱን ብቻ ነው። ኮሚቴዎ ማብራሪያውን በጥሞና ከመረመረ በኋላ፣ የቀሩት ዐሥሩ ከሥራ የቀሩበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዘኝ። አቅርቤአለሁ።

፪ኛ. ስቱዲዮዬን በጎበኙ ዕለት ስላሳዩት ቅን ፍርድ አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎ ሲገቡ ገና የቻናሉን ቁጥር አላከፋፈልሁም ነበርና ስድስቱም ድምፆች የመጣላቸውን ሁሉ እንዲቀበሉ ሆነው ተከፍተው ነበር። የፒያኖ ቁልፎች ያሉትን ኪቦርድ አንዴ ብነካው ቫዮሊኑም፣ መለከቱም፣ ከበሮውም፣ ዋሽንቱም ባንድ ጊዜ ጮኹ። እኔ በድንጋጤ ኪቦርዱን ስለቅ፣ እርስዎ ዐይንዎን ጨፍነው አንድነት ያለው ሥራ ነው አሉ፤ በቃለ ጉባኤም አስመዘገቡ። ስህተቱን አርሜ፣ እያንዳንዱን ድምፅ በየቻናሉ አስቀምጬ ዳግመኛ ሳሰማዎ ደግሞ «አንድነቱ ላልቷል» ተብሎ ነጥብ ተቀነሰብኝ። ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፫ኛ. ከስድስቱ ድምፆች አምስቱ ከፕሮግራሙ ጋር የመጡ፣ ማንነታቸውን የማላውቃቸው ፈረንጆች አንድ ቀን ተጫውተው ያስቀረጿቸው ናቸው። ኮሚቴዎ እነዚህን ሰዎች መንገዱ ይርቅባቸዋል ብሎ ከመታወቂያውና ከፎቶግራፉ ግዴታ ነጻ አደረጋቸው። አያ ቢያዝን ግን የሐይቁ ሰው ናቸውና «የአራተኛው ቻናል ነፊ በአካል ይቅረብ» ተባለ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይሉ ነበር አባቴ፤ ኮሚቴዎ ተረቱን በማኅተም ስላጸደቀው ደስ ብሏቸዋል።

፬ኛ. አያ ቢያዝን ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ደረታቸው ሳይታመም፣ ቁንዝላ ድረስ ሄጄ ሦስት ቀን ሙሉ ቀረጽኋቸው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ድምፅ ለየብቻ ስለሚቀበል፣ አንዷን ነፍተው ያቆማሉ፤ ያችኑ ለስለስ አድርገው፣ ከዚያ ጠንከር አድርገው ይደግሟታል፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛዋ እንሄዳለን። ዜማ ሳይዙ አንዲት ድምፅ ብቻ መንፋት ሰውን በግማሽ ስሙ እንደ መጥራት ነው ብለው ተቆጥተውኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ኪቦርዱን ስነካው የገዛ ትንፋሻቸውን ሰሙና፣ እንግዲህ እኔ ስደክም ይኸ ይነፋልኛላ ብለው ሳቁ።

ዐምና ሳንባቸው ታመመ። ዛሬ ዋሽንት ቀርቶ ትኩስ ሾርባ እፍ ማለት ይቸግራቸዋል። መጥሪያው ሲደርሳቸው ግን የክት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በጀልባ ሐይቁን ተሻግረው መጡ፤ ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩም ከቢሮዎ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ሁለት ቀን ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን አስገቧቸውና ይንፉ ተባሉ። ነፉ፤ የወጣው አየር ብቻ ነበር። ደግመው ሞከሩ፤ ሳል ያዛቸው። ቃለ ጉባኤው «ነፊው የመንፋት ችሎታ የላቸውም፤ ድምፁ የእሳቸው ስለ መሆኑ አልተረጋገጠም» ይላል። በመጀመሪያው የማድመጥ ዙር፣ የማን ሥራ እንደሆነ ሳይነገረው፣ ለዚያው ዋሽንት ሙሉ ነጥብ ሰጥቶ «ነፊው ይመስገን» ብሎ የጻፈው ይኸው ኮሚቴ ነው።

አያ ቢያዝንን እስከ ጀልባው ሸኘኋቸው። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ያጥረኛል። ተናድጃለሁ፤ አፍሬአለሁም፤ መጥሪያውን ይዤ ሄጄ ተነሡ እንሂድ ብዬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝና።

፭ኛ. በመጨረሻም አራተኛው ቻናል ወጥቶ ሥራው በቀሩት አምስቱ ይቅረብ ተብሎ ተወስኗል። ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ። አራተኛው ቻናል ላይ ያለችውን ዝም ማሰኛ ቁልፍ ተጫንሁ፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ ዋሽንቱ ብቻውን የሚሄድበት አርባ ሁለት ሰከንድ አለ፤ አምስቱ ፈረንጆች እዚያ ላይ የሚያርፉት እሱን ለማዳመጥ ነበር። አሁንም ያርፋሉ። ቦታውን በቫዮሊን እንድሞላው የላኩልኝን ምክር በአክብሮት ተመልክቼዋለሁ፤ አልሞላሁትም። ቅዳሜ ዕለት ድምፅ ማጉያዎቹ በሐይቁ ዳር ድንገት ዝም ሲሉ ባለሙያዎቹ ወደ ገመዱ እንዳይሮጡ፣ ገመዱ ደኅና መሆኑን አስቀድመው እንዲነግሩልኝ እለምናለሁ።

በቀጠሮዎ ርዝመትና በማኅተምዎ ድምቀት ስደነቅ የምኖር፣ የታዘዘውን ሁሉ ሳያጓድል የፈጸመ፣

ታዛዥዎ
ጥዑመ ልሳን ገድሉ
ከሹም አቦ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅጹ ባዶ መስመር የተተወበት ተቀባይነት የለውም ስለሚል፣ በአራተኛው መስመር፣ «የተጫዋቹ ስም» በሚለው ላይ የክቡርነትዎን ሙሉ ስም ጽፌአለሁ፤ በዚያ ቦታ የሚሰማውን የሠሩት እርስዎ ነዎትና። የጎደለው ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። አያ ቢያዝን ዜማቸውን ለመስማት ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ መጥተው ከፊት ይቀመጣሉ፤ ቻናሉ መውጣቱን እስካሁን አልነገርኋቸውም፤ አልቻልሁም። አርባ ሁለቱ ሰከንድ ሲጀምር ቀና ብለው ነፊውን መፈለጋቸው ስለማይቀር፣ ክቡርነትዎ በአካል እንዲቀርቡ በትሕትና እጠይቃለሁ።