በሐይቁ በኩል

መጋቢት 9 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለእሳቷ ልጄ፣

እናትሽ በተቀበረች ዕለት፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እናቴን የገደላት ያንተ ግትርነት ነው» አልሽኝ። ይኸው ጻፍኩት። አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤም ስልክም የለም፤ አሁን ምንም እንዳልተፈጠረ «ልጆቹን ይዤ ልመጣ ነው፣ በየትኛው መንገድ ብንመጣ ይሻላል?» ትዪኛለሽ። ደህና ነህ ወይ አላልሽም። ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይለግማል፣ ዓይኔ ግን አሁንም ካርታ ያነባል።

የጠየቅሽኝ ስለ መንገድ ነውና ስለ መንገድ እመልስልሻለሁ።

ስምሪት ክፍል ውስጥ ሥራዬ ምን እንደነበር ለልጆችሽ ንገሪያቸው። አገር አቋራጭ አውቶቡሶቹ በየት በየት እንደሚያልፉ የምመርጠው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት የላከኝ ሰው የለም፤ ማንበብ የተማርኩት ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ነው። መሐንዲሶቹ ካርታው ላይ በማስመሪያ ሲያሰምሩ እኔ «ጎማዬ ያልረገጠውን አልፈርምም» እል ነበር። አለቃዬ «አንተ ሰውዬ፣ ካርታው ይዋሻል ነው የምትለው?» ቢለኝ «አይዋሽም፤ ግን ዲዳ ነው» አልኩት። ለዚያች አፌ ዕድገት ቀረብኝ።

አዲስ መስመር ልፈትሽ ስወጣ እናትሽ ከጎኔ ትቀመጥ ነበር። በዚህ ሰፊ አገር በየሁለት መቶ ኪሎ ሜትሩ ቋንቋው ይለወጣል። እኔ የምይዘው «ውሃ» እና «ድልድይ» የሚሉትን ብቻ ነው፤ እሷ ግን የውሃ ጉድጓድ ዳር ከሴቶቹ ጋር ስትስቅ ቆይታ ወንዙ በየትኛው ወር እንደሚሞላ አውቃ ትመለሳለች። በአሸዋማው አገር ስንት ይቀራል ብለሽ ብትጠይቂ ሁሉም «ቅርብ ነው» ይልሻል። ጫካው ስትደርሺ ደግሞ ሁሉም «ኧረ ሩቅ ነው!» ይላል። እኔ ሁለቱንም ውሸታሞች ብዬ መዝገቤ ላይ ጻፍኩ። እናትሽ አንብባው እየተንፈቀፈቀች፣ «አንተ ደረቅ! እነዚያ ቅርብ የሚሉህ እንዳይደክምህ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሩቅ የሚሉህ አድረህ እንድትሄድላቸው ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አሸዋው ላይ የሰውን ቃል በሁለት አባዛለሁ፣ ጫካው ላይ ለሁለት እከፍላለሁ። በኔ መስመር ነዳጅ ያለቀበት ሾፌር የለም። ግማሹ ሥራ የእሷ ነበር። ይህን በአፌ ነግሬያት አላውቅም።

አሁን ስለዚያ ቀን። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮዋ ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ አንቺ ከምትሠሪበት ሆስፒታል በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይዘሽ ቆመሻል። ሐይቁን ሳይነካ የሚያቋርጠው አዲሱ መንገድ ያኔ ተከፍቷል። እኔ አልረገጥኩትምና አላመንኩትም፤ ይህ እውነት ነው። ግን መገንጠያው ላይ መኪናውን አቆምኩና «በየት ልሂድ?» አልኳት። በሕይወቴ መንገድ ሰው ያስመረጥኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«በሐይቁ በኩል» አለች።

«ቀጠሮሽስ?»

«ቀጠሮዬን እኔ አውቃለሁ። አንተ ንዳ።»

ሐይቁ ዳር ሁለት ጊዜ አስቆመችኝ። ሕፃን ሆነሽ ጫማሽን ውሃ የወሰደብሽ ቦታ ላይ ወርዳ ቆመች። ማታውን ድሮ ጉድጓድ ዳር የተዋወቀቻት አንዲት ሴት ቤት አደርን፤ ሴትዮዋ አርጅታለች። እጅ ለእጅ ተያይዘው ብዙ አወሩ፣ ምን እንደተባባሉ አልተረጎመችልኝም። አንቺ ደውለሽ «የት ደረሳችሁ?» ስትዪ ስልኩን ከእጄ ወስዳ «ቅርብ ነን የኔ ልጅ፣ ቅርብ ነን» አለችሽ። ገና ከግማሽ በላይ ይቀረን ነበር። እንዳይደክምሽ ብላ ነው።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ደረስን። የቀረውን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርክም ትዪኝ ይሆናል። በሞተ ሰው አላሳብብም። መሪው በኔ እጅ ነበር። ባለፈው ወር በአውቶቡስ ተሳፍሬ አዲሱን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰዓት ይዤ አየሁት። ጥሩ መንገድ ነው። አንድ ቀን ተኩል ይቆጥባል። በዚያ ብንሄድ በቀጠሮው እንደርስ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። አቧራ ነው አልኳት። መንገዱ አስፋልት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ስትመጪ በሐይቁ በኩል ነይ። በአንቺ በኩል ያለው መገንጠያ ላይ ወደ ግራ። ወንዙ ከቀትር በኋላ ይሞላል፤ በጠዋት ተሻገሪው። ጫካው ላይ ሩቅ ነው ካሉሽ አትከራከሪ፣ እደሩ። ልጆቹ ውሃ ካዩ ጫማቸውን አስወልቂያቸው። ስትመለሺ በአዲሱ ሂጂ፤ ሥራ ይጠብቅሻል። ፈርሜበታለሁ።

የእናትሽን ክፍል ለልጆቹ አጽድቻለሁ። መስኮቱ አልከፈት ብሎ ነበር፤ ጠርዙን በመላጊያ ላግኩትና አሁን ይከፈታል።

ጎማሽ አይተንፍስ፣ ልጆችሽ አይታመሙብሽ፣ የምታንኳኪው በር ሁሉ ይከፈትልሽ።

አንድ ነገር ብቻ። ስትደርሺ ስለዚያ ቀን ምንም እንዳትዪኝ፤ ይቅርታም ቢሆን አልሰማም። እኔም የምለውን እዚህ ወረቀት ላይ ብያለሁ። እስክሞት ድረስ ደግሜ አላነሳውም።

አባትሽ