ዘጠና አራት የተባሉት አሥራ ዘጠኝ ስላይዶቼ

ለተከበሩ ዶክተር አባንዳ
የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ያውንዴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልሁ፣ በተለይም ገጽ በመቁጠር የሚደክሙት የጽሕፈት ቤትዎ ዓይኖች ብርሃናቸው እንዳይጓደል ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኤርኔስቲን ዶንግሞ፣ የሒሳብ ትምህርት ክፍል የዶክትሬት ተማሪ ስሆን፣ ስድስት ዓመት የደከምሁበትን ጥናት ሜይ 22 ቀን በፈታኞች ፊት እንዳቀርብ ቀጠሮ ተይዞልኝ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ቀጠሮውን ስለሰረዘልኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወድጄ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቆጠራው አመሰግናለሁ። ስላይዶቼን ያዘጋጀሁት እኛ የሒሳብ ሰዎች በምንገለገልበት ላቴክ በተባለው ፕሮግራም ነው፤ እኛ ጽሑፉንና ትእዛዙን እንጽፋለን፣ እርሱ ቀመሩን በየቦታው ደርድሮ ያወጣልናል። በአንድ ስላይድ መካከል ቆም እንዲል ካዘዝሁት፣ ያንኑ ስላይድ ደጋግሞ እያወጣ በየገጹ አንድ መስመር ይጨምርበታል፤ ተመልካቹ የሚያየው ግን አንዱ ስላይድ ቀስ በቀስ ሲሞላ ነው። ይህን ያስተማሩኝ አማካሪዬ ፕሮፌሰር ንቻሬ ናቸው። «ልጄ፣ ሰው የሒሳብ ማረጋገጫን የሚውጠው እንደ ፉፉ ገንፎ አንድ አንድ ጉርሻ ነው፤ ድስቱን ፊቱ ላይ አትድፊበት» ይሉኝ ነበር። መመሪያዎ ስላይድ ሁሉ በወረቀት ታትሞ ይቅረብ ስለሚል ሳሳትመው አሥራ ዘጠኙ ስላይድ ዘጠና አራት ገጽ ሆነ። ይኸው መመሪያ ከሃያ ስላይድ በላይ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ወደቅሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ። በየገጹ ግርጌ የስላይዱ ቁጥር አለ፤ ሰባተኛው ስላይድ በስድስት ገጽ ስለወጣ በስድስቱም ላይ «7/19» ተብሎ ተጽፏል። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ቢሎአ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ከሰባት ቀጥሎ ስምንት መምጣቱን አለማወቋ ሳያሳዝናቸው አልቀረም፤ እስከ ዘጠና አራት ድረስ አንድ በአንድ በቀይ እስክሪብቶ አርመውልኛል። ላስረዳቸው ብሞክር «እህቴ፣ እኔ የእናንተን ሒሳብ አላውቅም። ገጽ ግን እቆጥራለሁ» አሉኝ። በቅንነታቸው አልጠራጠርም፤ ጽሕፈቱም ከእኔ ጽሕፈት ያምራል።

ሦስተኛ፤ ውሳኔውን ስለነገሩኝ ሰዓት። ስላይዶቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ በእጅዎ ከቆዩ በኋላ የተነገረኝ ፈተናው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። ከቻንግ በአውቶቡስ የመጡ ሃያ ሰባት ዘመዶቼ እንደ ወጋችን ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ አንድ ዓይነት ልብስ አሰፍተው ለብሰው፣ ከአዳራሹ ደጅ ተቀምጠዋል። አክስቴ ማርሴሊን «ልጄ፣ ሳትፈተኚ እንዴት ወደቅሽ?» አለችኝ። ለድግሱ የመጣው የንዶሌ ወጥም የተጠበሰውም ዓሣ እንደተከደነ ተመልሶ ተጫነ። አፈርሁ፤ ባላጠፋሁት ጥፋት ማፈሬም እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

አራተኛ፤ ይህኛው የሁሉም አውራ ነው። በማግሥቱ ቆም ማለቱን በሙሉ አጥፍቼ፣ ማረጋገጫዎቼን እንደዚያ እንደ ድስቱ በአንድ ጊዜ ደፍቼ፣ ልክ አሥራ ዘጠኝ ገጽ አድርጌ አቀረብሁ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንዲሉ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ከሥራው ላይ ሰባ አምስት ገጽ መጥፋቱን ደረሰበትና፣ የተቀነሰው ይዘት ተብራርቶ ለውጡ በኮሚቴ ይጽደቅ የሚል ደብዳቤ ላከልኝ። ምንም አልተቀነሰም ብዬ መለስሁ። «ምንም ካልተቀነሰ ስለምን አነሰ?» የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ከባድ ጥያቄዎችን ፈትቻለሁ፤ ይህን ግን አልቻልሁም። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ጁላይ 8 ቀን ነው።

ፕሮፌሰር ንቻሬ ጡረታ የሚወጡት ጁን 30 ቀን ነው። በመመሪያዎ መሠረት ጡረታ የወጣ አማካሪ ተማሪ ይዞ አይቀርብም፤ ተማሪዋ ሌላ አማካሪ ፈልጋ ከምዝገባ ትጀምራለች። በትምህርት ክፍላችን ደግሞ ይህን ዘርፍ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ ስለዚህ ኮሚቴው በተሰበሰበ ቀን የእኔ ስድስት ዓመት አብቅቶለታል ማለት ነው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። እኚህ ሽማግሌ በየሐሙሱ፣ ጉልበታቸው እያመማቸው ሦስት ፎቅ ወጥተው፣ የጻፍሁትን መስመር በመስመር አንብበውልኛል። ሜይ 22 ቀን የለበሱትን ጥቁር ካባ አጥፈው በፌስታል ይዘው ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ። «ግድ የለም፣ ሌላ ቀን እንለብሰዋለን» አሉኝ፤ የቀራቸውን ቀን ግን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። የምለምንዎ ከጁን 30 በፊት አንድ ጠዋት ብቻ ነው።

ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቀይ እስክሪብቶው የማይነጥፍ ቀለም፣ ለክቡርነትዎም ወረቀት ከላይ እስከ ግርጌ የሚያነቡበት ጥቂት ፋታ እየተመኘሁ፣ ከተመለስሁበት ደጅ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ፣ በአሥራ ዘጠኝም በዘጠና አራትም ያው የሆነችው
ኤርኔስቲን ዶንግሞ
ያውንዴ፣ ጁን 12

ድኅረ ጽሑፍ፤ በዚያ ጠዋት በዋናው በር ላይ የነበሩት ጥበቃ አቶ ጊዳዶ፣ አንድ ዓይነት የለበሱ ሃያ ሰባት ሰዎች ተከታትለው ሲመጡባቸው አንዴ ቀና ብለው አዩና፣ በመዝገባቸው ላይ «አንድ ቤተሰብ» ብለው ጽፈው አሳለፏቸው። ማንም አላስረዳቸውም። ስለዚህ በግቢያችን ስላይድ መቁጠር የሚችል ሰው መኖሩን እያሳወቅሁ፣ ከጁን 30 በፊት ለአንድ ጠዋት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ቢያዛውሩልን ሥራው ሁሉ ያልቃል።