ከዘፈኑ ሥር የተገኘው ምርቃት
የአቶ ገረዝጊሄር ባይሩ የሕይወት ታሪክ (1951–2024)

አቶ ገረዝጊሄር ባይሩ ከአባታቸው ከአቶ ባይሩ ተድላ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ምልእቲ ሃብተዝጊ፣ ደቀምሐረ አጠገብ በምትገኘው በቆርባርያ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሁለተኛው ናቸው። ይህን የምጽፈው የመጨረሻው ታናሽ ወንድማቸው ነኝ፤ ስለ ልጅነታቸው የማውቀው እሳቸው የነገሩኝን ብቻ ስለሆነ ለራሳቸው ማድላታቸው አይቀርም።

ትምህርታቸውን በደቀምሐረ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። በአሥራ አምስት ዓመታቸው የቤታችንን ሬዲዮ ፈተው ሲገጥሙ ሁለት ብሎን ተረፋቸው፤ ሬዲዮው ግን መናገሩን አላቆመም። እናታችን ብሎኖቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳይ ነበር። በ1969 አስመራ ወጥተው በአንድ የሬዲዮ ጥገና ቤት ተቀጠሩ።

በ1977 ወደ ሱዳን፣ ወደ ከሰላ ተሰደዱ። እዚያም ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ማጫወቻ መጠገን ተማሩ፤ በ1982 ከወ/ሮ ትርሓስ ወልዳይ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው ሰሎሜንና ፊልሞንን አፈሩ። በ1992 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሰው ፍራሽና ድስት ተሸክሞ ሲገባ እሳቸው በትከሻቸው ካሜራ ተሸክመው ገቡ።

ከዚያ በኋላ የደቀምሐረ ሙሽራ ያለ ገሬ ቪዲዮ አልወጣችም። ጥርና የካቲት ከዳስ ወደ ዳስ ነበር። ከበሮው እየዞረ ሲመጣ ፊት ለፊቱ ወደ ኋላ እየሄዱ ይቀርጹ ነበር፤ አንድ ጊዜም ሱዋ የምንለው ጠላ የሞላበት ገንቦ ላይ ተቀምጠው ሰባብረውታል። ያ ዘመን ይናፍቀኛል። ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ግማሹ ዛሬ የለም።

በዚያን ጊዜ ደንበኛ ሁሉ ካሴቱ ላይ ዘፈን ይደረብልኝ ይል ነበር። ጫጫታው፣ የጄኔሬተሩ ድምፅ፣ የሕፃናት ለቅሶ ሰርጉን ያሳንሳል ተብሎ ይታመን ነበር። ወንድሜም ሁለተኛ ማጫወቻ ስላልነበራቸው፣ ከካሜራው በወጣው በዚያው ካሴት ላይ ዘፈኑን ይደርቡ ነበር፤ የሰርጉ ድምፅ በዚያው ይጠፋል። በ1995 የጎረቤታችን የወ/ሮ ለተየሱስ ሰርግ ሲሆን፣ አባቷ አቶ ዘሚካኤል ልጃቸውን መርቀው ሲሸኙ ቀረጹ፤ እንደ ልማዳቸውም ዘፈን ደረቡበት። አቶ ዘሚካኤል በሦስተኛው ወር ዐረፉ። ለተየሱስ የአባቷን ድምፅ ልስማ ብላ ካሴቱን ብታስገባ የአባቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን ዘፋኙ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜን ሰላም አላለቻቸውም። በራችን ፊት ለፊት ነው። ሽማግሌ ቢልኩ፣ «ሽማግሌውን ይተዉትና የአባቴን ድምፅ ይላኩልኝ» አለች። ወንድሜ ከዚያ ወዲያ በምርቃት ላይ ዘፈን አልደረቡም፤ ያለፈውን ግን ሊመልሱት አልቻሉም።

በ2018 የለተየሱስ ልጅ ልታገባ ሆነ። ምስሉ እንኳ ይትረፍልኝ ብላ፣ ካሴቱን በወ/ሮ ትርሓስ እጅ ላከች፤ ወንድሜ ያኔ የአገሩን አሮጌ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ይገለብጡ ነበር። ይህኛው ግን ሽርር የሚል ጩኸት፣ ሽርርታ አበዛ። የማጫወቻውን ማንበቢያ (ሄድ የሚሉትን) በአልኮል አጠቡ፣ ገመድ ቀየሩ፣ የኮምፒውተሩን ቻርጀር ነቅለው በባትሪ ሞከሩ፣ ድምፁን ቀነሱ። ሽርርታው አልጠፋም። እኔ ሽርርታ የሚያጠፋ ፕሮግራም አለና በእሱ ይጥረጉት ብዬ ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ አልሰሙኝም። አራት ቀን ጆሮአቸውን ደቅነው ሲያዳምጡ፣ ሽርርታው የሚመጣው ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ብቻ መሆኑን አስተዋሉ፤ በሽርርታውም መሀል ዘፈኑ ለቅጽበት ይጠፋና የሰው ሳል ይሰማል።

ያን ጊዜ ከከሰላ ጀምሮ ከፍተውት የማያውቁትን የካሜራውን መመሪያ አወጡ። ካሜራው ድምፅን በሁለት ቦታ ይቀርጽ ኖሯል፤ አንዱን በካሴቱ ጠርዝ፣ አንዱን ከምስሉ ሥር። ዘፈኑ ያጠፋው የጠርዙን ብቻ ነው። የከተማው አሮጌ ማጫወቻዎች ከጠርዙ ሌላ አያነቡም ነበር፤ ወንድሜ ለመገልበጫ የገዙት አዲሱ ማጫወቻ ግን ሁለቱንም ያነባል፤ ምስሉ በተንቀጠቀጠ ቁጥርም ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ሽርር ይላል። ምስሉን በማስተካከያው አረጋጉትና ማጫወቻው የታችኛውን ብቻ እንዲያነብ አደረጉ።

ለተየሱስን አስጠሯት። መጥታ ሻርፗን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች። አባቷ ከኮምፒውተሩ ውስጥ፣ «ልጄ፣ የወጣሽበትም የገባሽበትም ቤት አይጉደል፤ ውለጂ፣ ክበጂ» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። ከሁሉ በላይ የጎላው አሜን ግን ከካሜራው አጠገብ የነበረው ሰው ያለው ነው። ሦስት ጊዜ ተመረቀች፣ ሦስት ጊዜ ያ ሰው አሜን አለ።

ለተየሱስ ብዙ አለቀሰች። ከዚያም፣ «አያ ገሬ፣ ከሁሉ አብልጠው አሜን ያሉልኝ እርስዎ ነበሩ ለካ» አለቻቸው። ወንድሜ ማጫወቻውን ያጠፉ መስለው ዞሩ። እኔ ግን አይቻቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የቀድሞ ደንበኞቻቸውን በየቤቱ እየዞሩ፣ ካሴታችሁን መልሱልኝ ይሉ ጀመር። የአርባ አንድ ቤት ምርቃት ከዘፈን ሥር አወጡ። በሁሉም ውስጥ የእሳቸው አሜን አለበት።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ መጋቢት 12 ቀን 2024 በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ወንድምና እህቶቻቸውን ትተዋል። ሥራ ቤታቸው መደርደሪያ ላይ ዘጠኝ ካሴት ሳይከፈት ቀርቷል፤ ሰሎሜ ተረክባዋለች።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ለስንት ቤት አሜን ያሉ ሰው ናቸውና፣ እባካችሁ ዛሬ እናንተ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉላቸው።