ድመቷ የቀመሰችው ዛጎል

ውድ አባዬ፣

መቃብርህ ደጃፋችን ላይ ሆኖ ሳለ ደብዳቤ መጻፌ ያስቅህ ይሆናል። «ቴራኦይ፣ አፍ የለሽም እንዴ? ብቅ ብለሽ አትነግሪኝም?» ስትለኝ ይሰማኛል። ምን ላድርግ፣ በአፌ ልነግርህ ስጀምር እንባ ይቀድመኛል።

ትናንት ከደቡብ ደሴቶች እንግዶች መጡልን። ወንድምህን አጎቴ ባውሮን መቼም ታውቃቸዋለህ፤ እንግዳ ደሴታችን ያቀፈችውን የውስጠኛውን ባሕር የዛጎል ሥጋ ሳይቀምስ ከሄደ መንደሩ የተዋረደ ይመስላቸዋል። ሴቶቹ ከጭቃው ቆፍረው በትልልቅ ድስት ቀቀሉ። እኔ ደግሞ ጠዋት ከዚያው ውሃ ቀድቼ በመሥሪያ ቤቴ ማይክሮስኮፕ አይቼው ነበር። አንተን የወሰደብን አልጌ፣ ያ በዓይን የማይታይ መርዘኛ የውሃ ተክል፣ ተመልሷል። የሽንት ቤቱም የአሳማ በረቱም ቆሻሻ ወደዚያ ነው የሚወርደው፤ እሱም በዚያ ይራባል። ዛጎሉ የያዘውን መርዝ ደግሞ መቀቀል አያጠፋውም።

እየሮጥኩ የመንደሩ አዳራሽ፣ ማኔአባው ገባሁ። ሽማግሌዎቹ በየቤተሰባቸው ምሰሶ ሥር ተቀምጠዋል፤ ያንተ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። በወጋችን ሴት ከኋላ ሆና በወንድሟ አፍ ነው የምትናገረው፤ እኔ ወንድም የለኝ። ሄጄ ያንተ ምንጣፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ዛጎሉ አይበላ!» አልኩ።

አዳራሹ ተንጫጫ። አጎቴ ባውሮ «እሰይ! ወንድሜ ቀሚስ ለብሶ ተመለሰ» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «አንቺ ልጅ፣ እንግዳ ፊት አታዋርጂን። በዓይን የማይታይ ነገር እንዴት ሰው ይገድላል? ይልቅ እንደ ወጋችን ድመቷ ቀድማ ትቅመስ» አሉና ለድመቷ አንድ ወረወሩላት። ለቢኪ፣ ለራስህ ድመት። ዋጥ አድርጋ አፏን ላሰች።

«አያችሁ!» አሉ። እንግዶቹ እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ።

«አጎቴ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ትንሽ ይታገሱ!» አልኩ። «አባቴ የሞተ ቀንም ይህችው ድመት ቀምሳ ነበር። ድመቷ ይኸው አለች። አባቴ የት አለ?»

እንግዶቹ እጃቸውን ከሳህኑ መለሱ። ያኔ ቢኪ ከምሰሶው ጀርባ ስታስመልስ ተሰማ። ድመት ያልተስማማትን ወዲያው ትተፋለች፤ ሰው ግን ይሉኝታ ይይዘውና ይውጣል። አንተም ከንፈርህ እየደነዘዘ «ምንም አይደል» እያልክ በላህ፣ ወንድምህን ላለማስቀየም።

አጎቴ ባውሮ ተነሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ያን ቀን ‹ድመቷ ደህና ናት፣ ብላ› ያልኩት እኔ ነኝ» አሉና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ድስቶቹን በገዛ እጃቸው አንስተው ጉድጓድ ውስጥ ደፏቸው። እንግዶቹ ሩዝና የደረቀ ዓሣ በሉ፤ ማንም አልተዋረደም።

አባዬ፣ ያቺን ድመት ስጠላት ነው የኖርኩት። አንተ ሄደህ እሷ ለምን ተረፈች እያልኩ ባሕር ልጥላት ሁሉ አስቤያለሁ። ይህን ስጽፍ እግሬ ሥር ተኝታለች፣ ትተኛ። ወንድምህንም እንዳትቀየማቸው። ዛሬ ጠዋት የመቃብርህን ነጭ ጠጠር ሲያስተካክሉ አየኋቸው፤ ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። ምሳ ወሰድኩላቸው፣ አብረን በላን።

ውሃውን መቅዳቴን አልተውም። የጸዳ ዕለት የመጀመሪያዋን ዛጎል ላንተ አመጣልሃለሁ። ድመቷ አትቀምስልህም፤ እኔ አይቼልህ ነው የማመጣው።

ልጅህ፣
ቴራኦይ